ሞተር ሳይክሉን ለዳገቱ ማዘጋጀት

ዛሬ በከተማም ሆነ በገጠር መንገዶቻችን በብዛት የሚታዩት ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ሆኖም ለገጠር ሥራ የመጡት እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉ ትናንሽ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎች ዛሬም ጨርሰው ከአገልግሎት አልወጡም። ክብደታቸው ቀላል፣ አሠራራቸውም ያልተወሳሰበ ነው። ብዙ ጊዜ ግን «ጉልበቱ አልቋል፤ ዳገት አልወጣ አለ» ተብለው በርካሽ ሲሸጡ፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ሞተራቸው ሲፈታ ይታያል። ለመሆኑ ጥፋቱ የሞተሩ ነውን? ወደ ጋራዥ ከመሄዳችን በፊት ሁለት ነገሮችን እንመርምር፤ የጥርሶቹን ቁጥርና የአነዳዱን ዘዴ።

ጉልበቱ የት ሄደ?

ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በአየርም ጭምር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። እንግዲህ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደሴ የሚነዳ ሞተር ሳይክል፣ ገና ጭነት ሳይጫንበት በፋብሪካው መግለጫ ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሁለት ሰው ይዞ የሐረጎን ዳገት እንዲወጣ ሲጠየቅ ቢያቃስት ሊያስገርመን አይገባም።

ጥርስ ቆጥሮ መምረጥ

የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሱት ሰንሰለቱ፣ ማለትም ካቴናው፣ እና ከፊትና ከኋላ የሚይዙት ሁለት ባለ ጥርስ ክቦች ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የኋላውን ጥርስ ቁጥር ለፊተኛው ማካፈል ነው። ለምሳሌ የፊቱ 15፣ የኋላው 45 ቢሆን ውጤቱ 3 ይሆናል። የፊቱን በ14 ብንለውጠው ውጤቱ 3.21 ይሆንና ጎማውን የሚገፋው ኃይል በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ቀድሞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄድበት በነበረው የሞተር ዙር አሁን የሚሄደው 75 ያህል ነው።

የፊቱን ሳንነካ የኋላውን ከ45 ወደ 48 ብናሳድግ ደግሞ 3.2 እናገኛለን። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደ መጨመር ነው። የፊቱን መለወጥ በዋጋ ይረክሳል፤ ካልተስማማም በቀላሉ ይመለሳል። ነገር ግን እጅግ ሲያንስ ሰንሰለቱ በጠባብ ክብ ላይ እየታጠፈ ቶሎ ያልቃል። የኋላው ሲያድግ ደግሞ ረዘም ያለ ሰንሰለት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ ቀንሶ መሞከር ጥሩ ጅማሬ ነው። ያለቀ ሰንሰለት ግን በአዲስ ጥርስ ላይ አይታሰር፤ አዲሱንም ይበላዋል።

ሞተሩ የሚወደውን ዙር ማወቅ

ጥርስ መለወጥ ብቻውን አይበቃም። ባለ ሁለት ምት ሞተር በዝቅተኛ ዙር ደካማ ነው፤ ጉልበቱ የሚነቃው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። በከፍተኛ ማርሽ እየተንገዳገደ ሳለ ነዳጅ መጨመር ሞተሩን ያሞቀዋል እንጂ አያፈጥነውም። ስለሆነም ነጂው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንስ፤ ሞተሩ ጥርት ያለ ድምፅ እያሰማ ይውጣ። ፍሪሲዮኑን በከፊል ጨብጦ ዳገት መውጣት ግን ፍሪሲዮኑን ማቃጠል ነው።

ድንጋያማ መንገድ ላይ በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ጉልበትን ከታንከሩ ጋር አስጠግቶ መንዳት ሚዛን ይሰጣል። በዳገት ሰውነት ወደ ፊት፣ በቁልቁለት ወደ ኋላ ያዘንብል። አቀበቱ እጅግ ከጠነከረ የተፈናጠጠው ሰው ወርዶ በእግሩ ይውጣ፤ ይህ ነውር የለበትም።

ቁልቁለቱ ይበልጥ ያሠጋል

ወጣቶች ዳገቱን ይፈራሉ፤ ነገር ግን ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በማርሽ ብቻ ፍጥነትን የመግታት አቅሙ አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በሚቀላቀልበት ሞተር፣ የነዳጁ እጀታ ሲዘጋ ዘይቱም ይቀንሳል። ጎማው ግን ሞተሩን በፍጥነት ማሽከርከሩን ይቀጥላል። ዘይት ያነሰው ፒስቶን ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ፣ አላህ ይጠብቀንና የኋላ ጎማውም በድንገት ሊቆም ይችላል። መከላከያው በየጊዜው ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ለአፍታ ነዳጅ መስጠት፣ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን አብሮ በልክ መጠቀም ነው። ጎማው ቢቆም ግራ እጅ ወዲያውኑ ፍሪሲዮኑን ይጨብጥ።

ለቤተሰብ

ኤጂ 100 ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፤ የዲቲ 125 ሰንሰለት ግን ገላጣ ነው። የጀለቢያ፣ የሽርጥ ወይም የሂጃብ ጫፍ በሰንሰለቱና በጎማው ሽቦዎች ሊጠመጠም ስለሚችል፣ እናት ወይም እህት ከኋላ ከመቀመጣቸው በፊት ልብሱ በሚገባ ይሰብሰብ። የራስ ቆብ ለነጂው ብቻ ሳይሆን ለተፈናጠጠውም ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ምርጫው ትክክል መሆኑን የሚፈትነው መንገዱ ራሱ ነው። ዘወትር ከምንወጣው ዳገት እጅግ ጠንካራውን፣ ዘወትር በምንይዘው ጭነት፣ ፍሪሲዮን ሳንጨብጥ በአንደኛ ማርሽ ከወጣን ጥርሱ ተስማምቷል። በሜዳ ላይ በመጨረሻው ማርሽ ሞተሩ ያለ ዕረፍት የሚጮህ ከሆነ ግን ከልክ በላይ ቀንሰናልና አንድ ጥርስ እንመልስ። በሜዳ የምናጣው 5 ኪሎ ሜትር ጥቂት ደቂቃ ቢያዘገየን ነው፤ በዳገት መካከል የቆመ ሞተር ግን ከነቤተሰባችን ገደል አፋፍ ላይ ያስቀረናል።