የሀዋሳ እንጀራ ከየት ይመጣል?

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስሟ በሚጠራው ሀይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። በ1952 ዓ.ም. ከተመሠረተች ወዲህ ኑሮዋ በአብዛኛው ሌላ ቦታ በሚወሰን ጉዳይ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቷል። መጀመሪያ የመንግሥት መቀመጫ መሆኗ ያኖራት ነበር፤ ኋላ አንድ ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨመረ። የመጀመሪያው ሲሳሳ ሁለተኛውም ተናጋ። የከተማዋን የገቢ ምንጭ የማብዛት ጥያቄ ሲነሳና ሲወድቅ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማ የሚያድገው ከውጭ በሚገባለት ገንዘብ ነው። ፀጉር ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ጉልቱና ጀበና ቡናው የገባውን ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያዞሩታል እንጂ አዲስ አያመጡም። ስለዚህ ሱቅ በሱቅ ላይ ቢደረደርም፣ ሱቆቹን ሁሉ የሚያኖረው ያው አንድ ደመወዝ ከሆነ ከተማው ብዙ ምንጭ አለው አይባልም። በድንጋይ ከሰል ማውጫ ወይም በአንድ የኃይል ማመንጫ የሚኖሩ የአሜሪካ ገጠር አካባቢዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ማመንጫው ሲዘጋ ደመወዙም፣ ትምህርት ቤቱን የሚደጉመው የንብረት ግብርም አብረው ይሄዳሉ። የሀዋሳ ጉዳይ በአንድ ነገር ይለያል። ወደ ፓርኩ የገቡ ኩባንያዎች ለዓመታት ከትርፍ ግብር ነፃ እንዲሆኑ ተደርጓል፤ ከተማዋ ከእነሱ የምታገኘው በዋናነት ሠራተኞቹ የሚከፍሉት የቤት ኪራይና ጉልት ላይ የሚያወጡት ገንዘብ ነበር። ሥራው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰማውም እዚያው፣ አከራዩና ጉልት ቸርቻሪዋ ዘንድ ነው።

የመቀመጫነቱ ታሪክ ከፓርኩ ይቀድማል። የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከይርጋለም ወደ ሀዋሳ ሲዛወር ቢሮውም፣ ባለ ደመወዙም፣ መንገዱም ተከትሎ መጣ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ከ50 በላይ ብሔረሰቦችን ያቀፈው የደቡብ ክልል መዲና ሆነች። የዞኑ ባለሥልጣን ለስብሰባ፣ መምህሩ ለሥልጠና፣ ባለጉዳዩ ለአቤቱታ ወደ ሀዋሳ ይመጣ ነበር፤ ሆቴሎቹና የስብሰባ አዳራሾቹ በእነዚህ እንግዶች ቆሙ። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጪ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ወሰነ፤ ክልሉም በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመሠረተ። የቀረው የደቡብ ክልልም በየተራ ተከፋፍሎ፣ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ተበተኑ። ሲዳማ ለረጅም ጊዜ የጠየቀውን መብት አግኝቷል። ሀዋሳ ግን የአንድ ሰፊ ክልል መዲና መሆኗ ቀርቶ የሲዳማ ክልል ብቻ መዲና ሆነች፤ ባለጉዳዩም በዚያው ልክ አነሰ።

ከተማዋ ከፓርኩ በፊትም ፋብሪካ አልባ አልነበረችም። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ታቦር ሴራሚክ፣ የዱቄት ፋብሪካውና በኋላ የመጡት የቢራና የለስላሳ ፋብሪካዎች ነበሩ። እነዚህ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርቱ በመሆናቸው የውጭ ምንዛሪ አያስገኙም፤ ነገር ግን በባዕድ አገር ውሳኔ በአንድ ጀንበር አይዘጉም። በኋላ የመጣው ትልቁ ፓርክ የተሠራው በተቃራኒው ሐሳብ ነው።

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይናው የሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን በ9 ወር ተገንብቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ተመረቀ። ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩሮ ቦንድ ከዓለም ገበያ ከተበደረችው አንድ ቢሊዮን ዶላር የተቀነሰ ነው። 52 ሼዶች አሉት፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን የልብስ ምልክቶች የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤች ሌሎችን እየጠራ የሚያስገባ ዋና ኩባንያ ሆኖ ገባ። የህንዱ ሬይመንድ፣ የስሪላንካዎቹ ሂርዳራማኒና ኢዛቤላ፣ የቻይናው ጄፒ ቴክስታይልም ተከተሉ።

ሀዋሳ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ዙሪያዋ በሕዝብ የተጨናነቀ ገጠር ነው፤ የእንሰትና የቡና ማሳው ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ጠቧል፤ 10ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ መሬትም ሥራም የላትም። ፓርኩ የሚፈልገውም በአነስተኛ ደመወዝ ስፌት ላይ የምትቀመጥ ወጣት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ በባንግላዴሽ ግን 95 ዶላር እንደሚከፈል ገልጿል። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ልጆቹ ለአንዲት ክፍል ኪራይ አራትና አምስት ሆነው ያዋጣሉ፤ ከምግብና ከኪራይ ተርፎ ወደ ቤተሰብ የሚላክ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ላይ የሥራ ሰዓቱና የማሽኑ ድካም ሲጨመር ብዙዎቹ ጥለው ይሄዳሉ። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየዓመቱ ሙሉ ሠራተኞቻቸውን ይተኩ እንደነበር ያው ጥናት ያሳያል። በየዓመቱ አዲስ እጅ የሚያሠለጥን ፋብሪካ ደመወዙ ርካሽ ነው ቢባልም ልብሱ ርካሽ አይሆንለትም።

ደመወዙን ያህል የሚያሳስበው ልብሱ ከአካባቢው ምርት ጋር ያለው ትስስር ማነሱ ነው። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉና ዚፑ በአብዛኛው ከእስያ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ሀዋሳ ላይ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ተመልሶ በዚያው መንገድ ይወጣል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ሀዋሳ አይደርስም፤ ኮንቴይነሩ በመኪና ይጓጓዛል። የሲዳማ ገበሬ ለዚህ ሥራ የሚያቀርበው ልጁን ነው እንጂ ምርቱን አይደለም።

ይህን ሁሉ አዋጭ ያደረገው አጎዋ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1992 ዓ.ም. ያጸደቀው ይህ ሕግ የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ፈቀደ፤ ጨርቁ ከሌላ አገር ቢመጣም ግድ አልነበረውም። ቀረጡ እንደ ልብሱ ዓይነት እስከ 32 በመቶ የሚደርስ በመሆኑ ነፃነቱ የትርፍ ሁሉ ምንጭ ነበር። ዕድሉ ግን በየዓመቱ በዋሽንግተን የሚታይ ፈቃድ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ፕሬዚዳንት ባይደን በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ አስታወቁ፤ ውሳኔው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ጸና። ፒቪኤች የሀዋሳ ፋብሪካውን የዘጋው ቀኑ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ነው። ከቀሩት ከፊሉ ሠራተኛ ቀነሰ፣ ከፊሉ ወደ አውሮፓ ገበያ ዞረ፤ የአውሮፓ ኅብረት ለታዳጊ አገሮች የሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል አልተነካም ነበርና። ጦርነቱ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም ኢትዮጵያ ወዲያው ወደ አጎዋ አልተመለሰችም።

የማዳጋስካር ታሪክ ለዚህ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ አገሪቱ ከአጎዋ ወጣች፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የስፌት ሠራተኞች ሥራ አጡ፤ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሞሪሺየስ ግን በስኳር ብቻ ትኖር የነበረች ደሴት ሆና ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን በሕግ አስገብታ፣ ከስፌቱ የተገኘውን ወደ ቱሪዝምና ወደ ፋይናንስ አስፋፋች። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም የልብስ ኮታ ሲቀር ስፌቱ ቢጎዳም፣ የሚይዙት ሌሎች ዘርፎች ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው ስፌቱ ደህና በሚሠራበት ጊዜ በተደረገው ነገር ነው። ሞሪሺየስ የራሷን ዘርፎች የምትመርጥ አገር መሆኗም አይዘነጋም፤ ሀዋሳ ከተማ ናት።

ለሀዋሳ ከሚነሱት አማራጮች ከአፈሩ ጋር የተያያዘው ቡና ነው። የሲዳማ ቡና በዓለም ገበያ በስሙ ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሀዋሳ ላይ የቡና መቀበያ አለው። ቡናው ግን ታጥቦና ደርቆ በጥሬው ያልፋል፤ የመቁላቱና የማሸጉ ጥቅም ሌላ አገር ይቀራል። ከሀዋሳ በስተደቡብ የሚገኘው የይርጋለም የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የታሰበው ለዚህ ነው፤ ቡና፣ አቮካዶ፣ ወተትና ማር ከገበሬው ተረክቦ እዚያው እንዲያቀነባብር። የአቮካዶ ዘይት ወደ ውጭ መላክ ተጀምሯል። በስፌት ፓርኩና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት ከሥራ ቦታ ቁጥር ይበልጣል፤ ዘይት መጭመቂያው ቢዘጋ ገበሬው ዛፉን ይዞ ይቀራል፤ ስፌቱ ሲዘጋ ግን ከልጅቷ ጋር ወደ ገጠር የሚመለስ ነገር የለም።

ሀይቁም ሌላ ምንጭ ነው፤ ይሁንና ገደብ አለው። አሞራ ገደል ላይ ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ቆሮሶና አምባዛ ለአስጋሪውም ለምግብ ቤቱም እንጀራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለሳምንት መጨረሻ የሚመጣው እንግዳም እሱን ብሎ ነው። የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ እና በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የፍቼ ጫምባላላ በዓል ከተማዋን ያጨናንቋታል። ሀይቁ ግን መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውሃ በኩል የገባ ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ የተሠራለት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ፋብሪካን በፋብሪካ ላይ መደመር ቱሪዝሙንና አሳውን የሚበላበት ጊዜ አለ።

በ1992 ዓ.ም. የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተቋቋመው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና የሪፈራል ሆስፒታሉ ብዙም ሳይነገርላቸው ከፓርኩ ይልቅ የጸኑ ሆነዋል። ተማሪውና ታካሚው ከክልሉ ውጭም ይመጣሉ፤ ክልሎች ቢከፋፈሉም ሐኪም ፈላጊው ወሰን አይቆጥርም።

እቅዱን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ተከፋፍሎ ነው ያለው። ፓርኩ በፌዴራሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ሥር ነው፤ መሬቱና ቤት ፈቃዱ በከተማ አስተዳደሩ፣ የቡናው ፖሊሲ በፌዴራልና በክልል፣ ሀይቁ በተፋሰሱ ባለ ድርሻዎች እጅ ነው። ፌዴራል መንግሥቱ ከፓርኩ የሚፈልገው የውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ከተማዋ የምትፈልገው ደመወዝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322 ፓርኮች ከማምረቻነት አልፈው ለንግድ፣ ለሎጂስቲክስና ለአገልግሎት እንዲውሉ ፈቅዷል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር መደረጉም ለላኪዎች ዋጋውን ቀይሮታል። ባዶ ሼዶች ለስፌት ብቻ ሳይሆን ለቡና መቁያ ወይም ለመጋዘን ሊከራዩ የሚችሉበት በር የተከፈተው በዚህ አዋጅ ነው። የኪራይ ውሉን የሚፈርመው ግን ኮርፖሬሽኑ እንጂ የከተማ አስተዳደሩ አይደለም።