ስለ ትምህርት ቤት መስኮትና ስለ ወረርሽኝ ዘመን

የኮሮና ደዌ ወደ አገራችን መግባቱ በታወቀ በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ከመንግሥት ትእዛዝ በወጣ ጊዜ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት አንሥቶ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ከ26 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የኢትዮጵያ ልጆች ደብተራቸውን ታቅፈው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ትእዛዙን የነቀፈ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ የሚነቀፍም አልነበረም፤ የደዌው ጠባይ ገና ባልታወቀበት፣ የሩቅ አገር ሆስፒታሎች በሕሙማን ተጨናንቀው በሚታዩበት በዚያ ሰሞን፣ ልጅን ከጉባኤ ለይቶ በቤት ማኖር ከማንኛውም አስተዋይ ወላጅ የሚጠበቅ ጥንቃቄ ነበርና። ከባዱ ጥያቄ የመጣው ወራት ካለፉ በኋላ ነው፤ ይኸውም የተዘጋው በር በምን ዐይነት ሥርዓት እንደሚከፈት፣ ከተከፈተም በኋላ ሕፃናቱና መምህራኑ ሳይታመሙ እንዴት ተከፍቶ እንደሚቆይ ነው። መዝጋት የአንድ ቀን ትእዛዝ ነው፤ ከፍቶ ማቆየት ግን ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት መጀመር የሚገባው ሥራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻውም ይህንኑ ነው።

መዘጋቱ ያስከተለውን ጉዳት እንጥቀሰው እንጂ አናስረዝመው፤ በዘመኑ የነበረ ሁሉ ያውቀዋልና። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ዘንድ የተደረገው ጥረት የሚመሰገን ቢሆንም፣ መብራት በሌለበት መንደር የሚኖረው ልጅ ወደ ከብት ጥበቃ፣ የከተማው ድኻ ልጅ ወደ ሊስትሮና ወደ ሱቅ በደረቴ ሄደ፤ አንዳንዷም ልጃገረድ፣ ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ መምህሯ በተቃወመው ጋብቻ፣ ዕድሜዋ ሳይደርስ ተዳረች። ከእኛ ብዙም የማትርቀው ኡጋንዳ ደግሞ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2020 የዘጋቻቸውን ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ሁሉ መልሳ የከፈተችው በጥር 2022 ነው፤ በሩ ሲከፈትም ብዙ ልጆች አልተመለሱም። (ከዚህ ወዲያ የውጭ አገርን ታሪክ ስናነሣ ዘመኑን በአውሮጳውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ነገሩ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውና አበው የኅዳር በሽታ ያሉት መቅሠፍት፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር ከሞት አፋፍ አድርሶ የመለሳቸው፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተጠርጎ በየደጁ የሚታጠንበትን ልማድ ትቶልን ያለፈው፣ አውሮጳውያን የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ ያሉት ያው የዓለም ወረርሽኝ ነበር። በዚያ ዘመን ከአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻቸውን ሲዘጉ፣ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ኒው ሄቨን ግን ሳይዘጉ ቀሩ፤ ከእነዚህም የኒው ዮርክ ታሪክ ረጋ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው።

ኒው ዮርክ በ1918 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሯት፤ ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል የሚኖሩትም ፀሐይና ነፋስ በደንብ በማይገባባቸው፣ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር በታጨቀባቸው የኪራይ ፎቆች ነበር። የከተማው የጤና ሹም ዶክተር ሮያል ኮፕላንድና የሕፃናት ጤና ክፍል ኀላፊ የነበሩት ሴት ሐኪም ጆሴፊን ቤከር ያሰቡት አሳብ ይህ ነበር፦ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ልጁ የሚውለው በጠባቡ ክፍል ወይም በጎዳና ነው፤ በዚያም ማንም አያየውም፤ ትምህርት ቤቱ ክፍት ቢሆን ግን ንጹሕና ሰፊ በሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ በየማለዳው ሁኔታውን ከሚመረምር ሰው ፊት ይውላል።

ይህ አሳብ በዚያ በወረርሽኙ ወራት ተጠንስሶ ቢሆን ኖሮ ከንቱ ምኞት በሆነ ነበር። ከተማዪቱ ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ልጆችን እንዲመረምሩ ያደረገችው ከ1897 ጀምሮ ነው፤ በዚያም መጀመሪያ የታየው ውጤት አሳዛኝ ነበር፤ ዐይኑ የታመመውንና ቆረቆር የያዘውን ልጅ ሐኪሙ ወደ ቤቱ ይሰደዋል፣ በቤትም የሚያክመው ስለማያገኝ ልጁ ለሳምንታት ከትምህርት ይቀራል። በ1902 ሊሊያን ዋልድ የተባሉት የሕዝብ ጤና አገልጋይ፣ ሊና ሮጀርስ የተባሉትን ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች እንዲያገለግሉ ለሙከራ አዋሱ፤ ነርሷም ቀላሉን ሕመም እዚያው አክመው፣ ለከባዱ እስከ ቤት ሄደው እናትን አስተምረው፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በሕመም ከትምህርት ገበታ የሚባረሩት ልጆች ቁጥር በዘጠኝ ዐሥረኛ ያህል እንዲቀንስ ለተደረገው ሥራ መሠረት ጣሉ። በ1908 የሕፃናት ጤና ክፍል ተቋቋመ። እንግዲህ ወረርሽኙ ሲደርስ ትምህርት ቤቱን የምታውቅ ነርስ፣ ነርሷንም የሚያውቅ ወላጅ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ሥርዓቱ ይህን ይመስል ነበር። ልጆቹ ከቤታቸው በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ይገባሉ እንጂ በደጅ ተሰብስበው አይቆዩም፤ መምህሩ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ፊትና ዐይን፣ ሳሉንና ማነጠሱን ይመለከታል፤ የሚያጠራጥረው ልጅ ወዲያው ከሌሎቹ ተለይቶ በሐኪም ይታያል፤ መታመሙ ከተረጋገጠም የጤናው መሥሪያ ቤት ሰው ከቤቱ ድረስ ወስዶ ቤቱ ለማስታመም የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ያያል፤ ካልበቃም ወደ ሆስፒታል ያስገባዋል። ከዚህም ጋር በባቡር ውስጥ ሰው እንዳይጨናነቅ የሱቆችና የመሥሪያ ቤቶች ሰዓት የተለያየ እንዲሆን ታዘዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን የቀድሞው የጤና ሹም ዶክተር ጎልድዋተርን ጨምሮ ብዙዎች ኮፕላንድን በአደባባይ ወቅሰዋቸዋል፤ ልጆቻቸውን በቤት ያስቀሩ ወላጆችም ጥቂት አልነበሩም።

የኒው ዮርክ የሞት መጠን ከጎረቤቶቿ ከቦስተንና ከፊላደልፊያ ያነሰ ሆኖ መገኘቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ለትምህርት ቤቶቹ መከፈት ብቻ መስጠት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ከብዙ ዘመን በኋላ የ43 የአሜሪካ ከተሞችን መዝገብ የመረመሩ ሊቃውንት፣ ትምህርት ቤትን መዝጋትና ጉባኤን መከልከል ከመሳሰሉት ጥንቃቄዎች ብዙዎቹን አስተባብረው፣ ቀድመው ጀምረውም ሳያቋርጡ ያቆዩ ከተሞች ከሌሎቹ ያነሰ ሰው እንደ ሞተባቸው ተረድተዋልና። ስለዚህ ከኒው ዮርክ የምንማረው ክፍት ትምህርት ቤት ከዝግ ይሻላል የሚለውን አይደለም፤ ነርስና ሐኪም ያለው ክፍት ትምህርት ቤት፣ እነዚህ ከሌሉት ክፍት ትምህርት ቤት ጋር በስም እንጂ በግብር አንድ አለመሆኑን ነው።

ከምርመራው ቀጥሎ ዋናው ነገር ነፋስ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ዋነኛ የሕፃናት ጠላት በነበረበት በዚያ ዘመን፣ በ1904 ያን ጊዜ በርሊን አጠገብ በነበረችው በሻርሎተንቡርግ ደካማ ጤና ያላቸው ልጆች በጥድ ደን ውስጥ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1908 ደግሞ በአሜሪካ በፕሮቪደንስ ከተማ ሜሪ ፓካርድና ኤለን ስቶን የተባሉት ሁለት ሴት ሐኪሞች አንድ የጡብ ሕንፃ መስኮቶቹ ከላይ እስከ ታች ተከፍተው እንዲውሉ አድርገው፣ በረዶ በሚወርድበት ክረምት ልጆቹን በወፍራም ከረጢት ጠቅልለው፣ ከእግራቸው ሥር የሞቀ ድንጋይ አኑረው አስተማሩ። ሰው ሳቀባቸው፤ ልጆቹ ግን አልታመሙም፤ በሁለት ዓመትም ውስጥ በርከት ያሉ ከተሞች አብነታቸውን ተከተሉ።

ለመሆኑ ደዌው ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በምን መንገድ ነው? በኮሮና የመጀመሪያ ወራት የጤና ባለሥልጣኖች አብዝተው ያስጠነቅቁ የነበረው ስለ እጅ ንጽሕናና ስለ ርቀት ነበር፤ ከሳል ጋር የሚወጣው ትልልቁ ጠብታ በአንድና በሁለት ሜትር ውስጥ ወደ መሬት ስለሚወድቅ ይህ ማስጠንቀቂያ ከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ ሰው ሲናገር፣ ሲዘምር፣ ዝም ብሎ ሲተነፍስ እንኳ ለዐይን የማይታዩ እጅግ ረቂቃን ጠብታዎች ከአፉና ከአፍንጫው ይወጣሉ፤ እነዚህም፣ በቤተ መቅደስ የታጠነው ዕጣን ጢሱ ከዐይን ከጠፋ በኋላ መዓዛው እስከ ቅኔ ማሕሌቱ ዳርቻ ተሰራጭቶ እንደሚቆይ፣ መውጫ ካላገኙ በክፍሉ አየር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ልጅ በፊተኛው ረድፍ ካለው ሕመምተኛ በመራቁ ብቻ የማይድነው ስለዚህ ነው። የውጭው አየር ከሚሊዮን 420 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲኖረው፣ መስኮቱ በተዘጋ፣ ልጆች በሞሉበት ክፍል ግን ይህ ቁጥር ከ2000 ሊያልፍ ይችላል፤ የዚህ ጋዝ መብዛትም ልጆቹ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው መልሶ ምን ያህል እንደሚተነፍሰው ይናገራል። የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 መጸው፣ በየ20 ደቂቃው መስኮቶቹ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ወለል ተደርገው እንዲከፈቱ ትምህርት ቤቶችን የመከረው ይህን በማሰብ ነው።

በዚያው በ2020 የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቢታዩ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። ዴንማርክ ሚያዝያ 15 ቀን ትንንሾቹን ልጆች እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ ወደ ትምህርት ቤት ስትመልስ፣ ልጆቹን በአነስተኛ ቡድን ከፍላ፣ አንዱ ቡድን ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅ በግቢው ውስጥ ለየራሱ የመጫወቻ ቦታ ለይታ፣ ጠረጴዛዎቹን ሁለት ሜትር አራርቃ፣ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ እጅ አስታጥባ፣ ትምህርቱም በተቻለ መጠን በሜዳ እንዲሰጥ አድርጋ ነበር፤ በመከፈቱም ምክንያት ወረርሽኙ አልተባባሰም። በእስራኤል ግን በግንቦት ወር ትምህርት ቤቶች በሙሉ ክፍል ተከፍተው ሳለ ብርቱ የሙቀት ወላፈን መጣ፤ ልጆቹ ለጥቂት ቀናት የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዳያደርጉ ተፈቀደላቸው፣ መስኮቶች ተዘግተው ማቀዝቀዣዎች ሲሠሩ ዋሉ፤ ትምህርት በተከፈተ በዐሥር ቀን ገደማ በኢየሩሳሌም በሚገኝ፣ በአንድ ክፍል ከ35 በላይ ተማሪዎች በነበሩበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደዌው ታየ፤ ሲመረመርም 153 ተማሪዎችና 25 መምህራንና ሠራተኞች ተይዘው ተገኙ። ሁለቱም አገሮች ከፍተዋል፤ አንደኛው ከነሥርዓቱ፣ ሁለተኛው ግን በሩን ብቻ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ትምህርት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከገጠሩ ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈት የወጣው መመሪያ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ልጆቹም በፈረቃ እንዲማሩና አፍና አፍንጫቸውን እንዲሸፍኑ ያዝዝ ነበር። መመሪያው መልካም ነበር፤ ግን በደኅናው ዘመን እንኳ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ልጅ መደበኛ ልክ ተብሎ በሚቆጠርበት፣ ብዙው ትምህርት ቤትም ከዚህ ልክ በሚያልፍበት አገር፣ ክፍልን በእጥፍ ማብዛት ለርእሰ መምህሩ የክፍልና የመምህር ተአምር የሚጠይቅ ነገር ነው። በየበሩ የቆመው የጀሪካን ውኃና ሳሙና፣ በጎ አሳብ የነበረ ቢሆንም፣ ቧንቧ ባልገባበት ትምህርት ቤት ውኃውን የሚቀዱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የአፍ መሸፈኛውም ወራት እያለፉ ሲሄዱ ከአፍንጫ ወደ አገጭ ወርዷል፤ በዚህ ተማሪውን ብቻ አንወቅስ፤ አዋቂውን አይቶ ነውና።

በአንጻሩ አገራችን ያላት፣ አውሮጳውያን በብዙ ወጪ የሚሹት አንድ ጸጋ አለ፤ ይኸውም የትምህርቱ ዘመን አብዛኛው የሚውለው ዝናብ ባቆመበት ወቅት፣ ብርቱው የክረምት ዝናብ የሚወርደውም ትምህርት ቤት በተዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ መሆኑ ነው። አባቶቻችን ከየኔታ ፊት ፊደል የቆጠሩት በዛፍ ጥላና በደጀ ሰላም ነበር (የቆሎ ተማሪው ጎጆ ራሱ ምን ያህል ጠባብና ለተስቦ የተመቸ እንደ ነበረ ግን የኖረበት ያውቀዋልና ያለፈውን ሁሉ አናወድስ)። ዛሬ የሚሠራው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ የቆርቆሮ መስኮት የተገጠመለት ነው፤ ቆርቆሮው ከተከፈተ አቧራውና ብርዱ ይገባል፣ ከተዘጋ ክፍሉ ይጨልማል፤ መስተዋት ያለው ከሆነም ማጠፊያው ዝጎ፣ ወይም ሌባን በመፍራት በብየዳ ታሽጎ ይገኛል። ፊት ለፊት በሁለቱም ግድግዳ መስኮት አድርጎ፣ ከጣሪያው በታች የማይዘጋ የነፋስ መተላለፊያ መተው፣ አንድ ክፍል በሚሠራበት ጊዜ የሚጨምረው ወጪ ኢምንት ነው፤ ክፍሉ ከተሠራ በኋላ ግን ያን ለማረም ግድግዳ ማፍረስ ያስፈልጋል።

ለመንግሥት የሚተወውን ለመንግሥት እንተው፤ ነርስን በየትምህርት ቤቱ መመደብና ውኃ ማስገባት ከወላጅ አቅም በላይ ነው። ነገር ግን የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባል የሆናችሁ አንባብያን፣ በሚመጣው ስብሰባ ስለ ደንብ ልብስና ስለ ክፍያ ብቻ ተነጋግራችሁ አትለያዩ፤ ከልጆቻችሁ ክፍል መስኮቶች የማይከፈቱት የትኞቹ እንደ ሆኑ ጠይቁ፣ በማለዳ የልጆቹን ፊት የሚያይ ሰው መኖሩን፣ በትምህርት ሰዓት ትኩሳት የያዘው ልጅም ወላጁ እስኪመጣ የት እንደሚቆይ ጠይቁ፤ የዛገውን ማጠፊያ የሚያድስ አንጥረኛ መጥራትም የማንንም መመሪያ የሚያስጠብቅ አይደለምና ከስብሰባው ሳትነሡ ገንዘቡን አዋጡ።