«ፀሐይ አሙቂው» ያለሽ ሐኪም

አቃቂ ላይ ልጇን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» መባሏ አይቀርም። ምክሩ ከአያት የወረደ ስለሚመስል ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከጀርባው ግን የሐኪሞች ቆጠራ አለ። ዶ/ር ሉሉ ሙሄና ዶ/ር ስለሺ ሉልሰገድ ከሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.አ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ልጆች ካልያዛቸው 500 ጋር አስተያዩ። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ የሳንባ ምች ከያዛቸው 210 ላይ ተገኘ፤ ካልያዛቸው 20 ላይ ብቻ። ፀሐይ በማይጠፋበት አገር የሕፃናት አጥንት ፀሐይ አጥቶ ይለሰልስ ነበር። ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ቤት ውስጥ ተሸፋፍኖ የሚያድግ ልጅ ሌላ ምን ይሁን? የለሰለሰ ጎድን ደግሞ ለሚያቃስት ሳንባ አቅም አይሆነውም።

እንዲህ ያለ የጥናት ጥያቄ መጠየቅ የሚለመደው በሥልጠና ዘመን ነው። አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና አልፎ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ የገባ ጠቅላላ ሐኪም «ሬዚደንት» ይባላል፤ በሕፃናት ሕክምና ሦስት ዓመት ይቆያል። ቀኑ የሚጀምረው በሞርኒንግ ነው። ዲዩቲ ያደረው ሬዚደንት ዓይኑ እንደቀላ በሲኒየሮቹ ፊት ይቆምና ሌሊቱን ያስተኛቸውን ልጆች ያቀርባል፤ ይህን መድኃኒት ለምን መረጥክ፣ ያንን ምርመራ ለምን ተውክ እየተባለ ይፋጠጣል። ከዚያ በየአልጋው የሚዞርበት ራውንድ፣ ከዚያ ተመላላሽ ክፍል። በዚህ ሁሉ መሐል የራሱን ጥናት ነድፎ፣ በሥነ ምግባር ኮሚቴ አስፈቅዶ፣ መረጃ ሰብስቦ መጨረስ አለበት። ያለ ቴሲስ ስፔሻሊስት መሆን የለም።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ከመካከላቸው ቺፍ ሬዚደንት ይመረጣል። ሹመቱ ያምራል፤ ሥራው ግን የዲዩቲ ሠንጠረዥ ማውጣት፣ የቀረ ሰው መተካት፣ አልጋ ሲጠፋ መለመን፣ ከላይም ከታችም መወቀስ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከየትኛውም የአመራር ኮርስ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።

የሕፃናት ሐኪም የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴን ማስታወስ ይበቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት እኚህ ሐኪም፣ እ.አ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዳካ የሚገኘውን ዓለም አቀፉን የተቅማጥ በሽታ ምርምር ማዕከል መርተዋል። ዛሬ በየቤቱ የሚበጠበጠው ኦአርኤስ ኮሌራን እንደሚመክት እ.አ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሳዩት ሙከራዎች ዋናው የተካሄደው በዚያው ማዕከል ቀዳሚ ተቋም ባልደረቦች እጅ ነው። ፕሮፌሰር ደምሴ አገር ቤት ሲመለሱም የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ያለው ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። በቻይና ድጋፍ የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. ክረምት ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ካመጣችው ድርብ ወርቅ ነው። ለቴሲስ ርዕስ የቸገረው ሬዚደንት ወደዚህ አካባቢ ቢወርድ ጥያቄ አያጣም። አንዱን እኔ ልስጠው፦ ያለ ጊዜው የተወለደ አራስ ከአቃቂ ተነሥቶ በከባድ መኪኖች ወረፋ መሐል አልፎ ጥቁር አንበሳ እስኪደርስ ድረስ ሰውነቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ሲነሣና ሲደርስ ሙቀቱን መለካት፣ ሰዓቱን መጻፍ፣ በእናቱ ደረት ላይ ታቅፎ እንደመጣ ወይም በብርድ ልብስ ብቻ እንደተጠቀለለ መመዝገብ ነው። ከቴርሞሜትር፣ ከደብተርና ከትዕግሥት ሌላ ብዙ አይጠይቅም።

ብዙ ቴሲስ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም፣ ሥራህን ስትጨርስ ለፈታኞችህ ካቀረብክ በኋላ አንድ ቅጂ ይዘህ ወደ አቃቂ ተመለስና አራሱን ጠቅልለው ለላኩልህ አዋላጆች በአማርኛ አንብብላቸው።