መቶ ከመቶ፣ ከምኑ?

«መቶ ከመቶ ተፈትኗል፤ ስህተት የለበትም።» ሶፍትዌር የሚሸጡም የሚገዙም ይህን ሲደጋግሙት ይሰማል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድምዳሜው ግን ከቁጥሩ አይወጣም።

በፓይተን አውቶማቲክ ቴስት መጀመር ቀላል ነው። «ዩኒትቴስት» እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ብዙዎች የሚመርጡት «ፓይቴስት» በአንዲት ትእዛዝ ይጫናል። ስማቸው «ቴስት» ብሎ የሚጀምር ፋይሎችንና ፈንክሽኖችን ራሱ ፈልጎ ያስኬዳል፤ ውጤቱ ከተጠበቀው ሲለይ ልዩነቱን ያሳያል። ስለ አጀማመሩ ይህ ይበቃል።

ጣጣው መቶኛው ላይ ነው። የሚያሰላው «ኮቨሬጅ» የተባለ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ቴስቶቹ ሲሮጡ ፓይተን የረገጠውን እያንዳንዱን መስመር ይመዘግባል (በአዳዲሶቹ ዕትሞች ፈጣን የመከታተያ ዘዴ መጥቷል፤ መርሁ ግን ያው ነው)። በመጨረሻም የተረገጡትን መስመሮች ለጠቅላላው ያካፍላል። እንደ ክፍል ስም ጥሪ ነው፦ «አቤት» ያለ ሁሉ ተገኝቷል፤ ትምህርቱ ይግባው አይግባው መዝገቡ አያውቅም። መልሱን ከምንም ጋር የማያነጻጽር ቴስት እንኳ መቶ ከመቶ ሊያስገኝ ይችላል።

ጳጉሜን የሚቆጥር ፈንክሽን እንውሰድ። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከተረፈ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት፤ አለዚያ አምስት። የፈረንጁን አቆጣጠር የለመደ ፕሮግራመር በአንድ መስመር «ምንም ካልተረፈ ስድስት፣ አለዚያ አምስት» ብሎ ይጽፍና በ2014 ዓ.ም. ይፈትነዋል። አምስት! ልክ ነው። ቴስቱ ያልፋል፣ ኮቨሬጅም መቶ ይላል። ፕሮግራሙ ግን የ2015ን ጳጉሜን 6 ይውጣታል፤ ለ2016 ደግሞ ያልነበረች ቀን ይጨምራል።

ኮቨሬጅ ቅርንጫፎችንም እንዲቆጥር ማዘዝ ይቻላል። እዚህ ግን አያድንም፤ የሚከታተለው ከመስመር ወደ መስመር መዝለልን ሲሆን ይህ ውሳኔ በአንድ መስመር ውስጥ ያለቀ ነው። ኮዱን ሆን ብሎ እያበላሹ ቴስቱ ይነቃ እንደሆነ ማየት የተሻለ ይናገራል፤ እርግጥ ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዱ ለውጥም ውጤቱን ስለማይቀይር ቴስቱን በከንቱ ያስወቅሳል። መቶኛውም ከንቱ አይደለም፦ አንዴም ያልተረገጠ መስመር በእርግጥ አልተፈተነም።

ለጳጉሜን የሚበጀው ዘዴ አጭር ነው። ፓይቴስት አንዱን ቴስት በተለያዩ ግብዓቶች ደጋግሞ ማስኬድ ይችላል። ከ2013 እስከ 2016 ያሉት አራት ዓመታት ከሚጠበቁት መልሶች፣ ከ5፣ 5፣ 6 እና 5 ጋር ቢሰጡት ያ ስህተት የተሸከመ መስመር በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ላይ ይወድቃል።