አፍ ሲደርቅ፦ ከአላይነር ጋር መዋልና ማደር

አላይነር የሚባለው ግልጽ የጥርስ ማስተካከያ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ጥርስ ላይ ይውላል። የሚወልቀው ለምግብ፣ ከውሃ በቀር ላለው መጠጥ ሁሉና ለጥርስ መቦረሽ ነው። ጥርስ ከምራቅ ጋር ያለ ግርዶሽ የሚገናኝበት ጊዜ እንግዲህ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ምራቁ ራሱ ሲቀንስ ይህቺ አጭር ጊዜም ጥቅሟ ያንሳል። የደረቀ አፍ በአላይነር ሕክምና ላይ ጉዳቱ የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ጤናማ አዋቂ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ምራቅ ያመነጫል። አብዛኛው የሚመጣው ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ካሉት ሦስት ጥንድ ትልልቅ እጢዎች ነው። ምራቅ አሲድን ያረግባል፤ ካልሲየምና ፎስፌት እየያዘ የተጎዳውን የጥርስ ገለፈት ይጠግናል። ስኳር ሲበላ ጥርስ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ አሲድ ይሠራሉ፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ ገለፈቱ መሟሟት ይጀምራል። በቂ ምራቅ ያለው አፍ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል፤ የደረቀው ግን ይዘገያል። በዚህ መሐል አላይነሩ ከተደረገ አሲዱና ስኳሩ ጥርሱ ላይ ተከድነው ይቀራሉ፤ ምራቅም እንደ ልቡ ገብቶ አያጥባቸውም። ስለዚህ አላይነር ያደረገ ሰው አፉ ሲደርቅ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ከፕላስቲኩ ሥር ምን እንደተዘጋ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙዎች የሚያማርሩት ተቃራኒውን ነው፦ አፍ አዲሱን ነገር እንደ ምግብ ስለሚቆጥረው ምራቅ ይበዛል። ይህ ብዙም ሳይቆይ ይለመዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድርቀት መነሻው ሌላ ሊሆን ይችላል። የፕላስቲኩ ውፍረት ከንፈር በደንብ እንዳይገጥም አድርጎ በአፍ መተንፈስን ሊያባብስ ይችላል፤ አፍንጫው የታፈነ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም የሚተነፍሰው በአፉ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በምትገኘው አዲስ አበባ የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ በአፉ ሲተነፍስ ላደረ ሰው ጠዋት ምላስ ከላንቃ ቢጣበቅ አያስገርምም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው መድኃኒት ነው። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰደው ክሎርፌኒራሚን፣ ለእንቅልፍና ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት የሚያሸኑ ክኒኖች ሁሉ አፍ ያደርቃሉ። ስለ መድኃኒት የሚጠየቀው የጥርሱ ልኬት ከመወሰዱ በፊት መሆን ይኖርበታል፤ ጥርሱ ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ በኋላ መጠየቅ ዘግይቷል። መድኃኒቱን ግን ታካሚው በራሱ ሊያቆም አይገባም። የሚወሰድበትን ሰዓት ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይሻላል። ያልታወቀ የስኳር በሽታም ራሱን በአፍ ድርቀት ሊገልጥ ይችላል፤ ጥማትና ቶሎ ቶሎ መሽናት አብረው ካሉ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

የድርቀቱን ልክ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ታካሚው ምንም ሳያኝክ፣ ለአምስት ደቂቃ አፉ ውስጥ የተጠራቀመውን ምራቅ የልኬት ምልክት ባለው ዕቃ ይተፋል። በደቂቃ ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ እጢዎቹ በእርግጥ ቀንሰዋል። ከዚህ በላይ ሆኖም አፉ የደረቀ የሚመስለው ሰው አለ፤ ስሜቱ እውነተኛ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። ይሁንና የመቦርቦር አደጋው ከመጀመሪያው ሰው ያነሰ ነው። በምርመራ ጊዜ መስታወቱ ጉንጭ ላይ ሲጣበቅ፣ ምራቁ አረፋ ሲሆን፣ ምላስ ሲሰነጣጠቅ ሳይለካም ይታወቃል።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ትልቁ ፈተና ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲቀጥል አላይነሩ ወልቆ መቆየት አለበት፤ ትኩስ መጠጥ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቡናው ያጠቁረዋል፣ ስኳሩ ከሥሩ ይገባል። በቀን ሦስት ጊዜ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚያወልቅ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል አጠፋ ማለት ነው፤ 22 ሰዓት ለታዘዘለት ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት የቀረው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ቡናን ክልክል ነው ብሎ ማዘዝ የሚከበር ትእዛዝ አይሆንም። የሚሻለው ቡናውን ከምግቡ ጋር ማያያዝ፣ ስኳሩን መቀነስ፣ ሲያበቃ በውሃ ተጉመጥሙጦና ቦርሾ ማጥለቅ ነው። ጫት ከዚህ ይከፋል። ራሱ አፍ ያደርቃል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም ጣፋጭ ሻይ ወይም ለስላሳ ይከተለዋል። ለሚቅም ሰው ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይህን በግልጽ ማንሳት ከሁለቱም ወገን ድካም ያድናል።

ጾም ብዙዎች የሚፈሩትን ያህል አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምግብና ከውሃ የሚታቀብ፣ ወይም በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ የሚጾም ሰው አፉ ይደርቃል፤ ነገር ግን በነዚያ ሰዓታት ስኳር ስለማይገባ ጥርሱ ላይ አዲስ አሲድ እምብዛም አይሠራም፤ አላይነሩም ሳይወልቅ ይውላል። አደጋው ከጾሙ በፊትና በኋላ ነው። ሱሁር በልቶ ሳይቦርሽ አላይነሩን የሚያጠልቅ ሰው የምግቡን ቅሪት ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል። ሲያፈጥር ደግሞ ቴምሩንና ጣፋጩን እስከ እኩለ ሌሊት ከመቀማመስ በአንድ ማዕድ ቢጨርስ ይሻለዋል።

በአዘቦት ቀን ዋናው መፍትሔ ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ፣ በትንሽ በትንሹ፣ አላይነሩ ሳይወልቅ። አላይነሩን ከማድረግ በፊት በውሃ አርጥቦ ማጥለቅ የደረቀውን ጉንጭና ከንፈር ከመፋቅ ያድናል። ምራቅ ለመጥራት ሎሚ መምጠጥ የቆየ ልማድ ነው፤ በደረቀ አፍ ግን አሲዱ ጥርሱን ይበላል። ከረሜላም እንዲሁ። ከስኳር ነጻ የሆነ፣ በተለይ ዛይሊቶል ያለው ማስቲካ ምራቅን ያነቃቃል፤ የሚታኘከው ግን አላይነሩ በወለቀበት ሰዓት ነው። መፋቂያም ሲታኘክ ምራቅ ያመጣል፤ ሆኖም አላይነሩ እንዲይዝ ጥርሱ ላይ በተለጠፉት የኮምፖዚት ጉብታዎች ዙሪያ በደንብ ስለማያጸዳ ብሩሽን አይተካም። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ድርቀቱን ሊያባብሰው ስለሚችል መተው ይሻላል።

ማታ ምራቅ ከሁሉ በላይ ይቀንሳል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ሊቋረጥ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ የማታው ቡረሻ ከሁሉ ይበልጣል። የጥርስ ሳሙናው ከ1,000 እስከ 1,450 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው ይሁን፤ ከቦረሹ በኋላ ተፍቶ በውሃ ሳይጉመጠመጡ አላይነሩን ማድረግ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ ይረዳል። ምራቁ በእርግጥ ለቀነሰበት ሰው ሐኪሙ 5,000 ፒፒኤም ያለውን ሊያዝ፣ በክሊኒክም የፍሎራይድ ቫርኒሽ ሊቀባ ይችላል። አላይነሩ ራሱ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ የፈላ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል።

ለራስና ለአንገት ካንሰር ጨረር የወሰዱና የምራቅ እጢን የሚያጠቃው የሾግረን ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከዚህ ሁሉ በላይ ክትትል ያሻቸዋል። ሰው ሠራሽ ምራቅ፣ አንዳንዴም ሐኪም የሚያዝዘው ፒሎካርፒን ይረዳቸዋል። ጥርሳቸው መስተካከል ካለበት ብዙ ጊዜ አላይነር ከብረቱ ብሬስ ይሻላቸዋል፤ የብሬሱ ብረት የደረቀ ጉንጭን ያቆስላል፣ አውልቆ ማጽዳትም አይቻልም። ሕክምናው ሲያበቃም ጥርሱ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ ሪቴይነር ለዓመታት ማታ ማታ ይደረጋል። እሱም ምራቅ በሚጠፋበት ሰዓት ጥርስን የሚሸፍን ፕላስቲክ ስለሆነ የማታው ቡረሻና ፍሎራይዱ ከአላይነሩ ጋር አብረው አይቆሙም።