እጀታው ነው የሚያሳብቀው

በኮት ሥር ያለን ሽጉጥ የሚያሳብቀው አፈሙዙ አይደለም፤ እጀታው ነው። ይህን እኛ አፎት ሰፊዎች በደንብ እናውቃለን፤ ሰው ታጥቆ የሚጎነበሰው፣ የሚቀመጠውና እጁን የሚዘረጋው እኛ ፊት ነውና። አፈሙዝ ቢረዝም ቁልቁል ወደ ሱሪው ይገባል፣ ማንም አያየውም። እጀታው ግን ከቀበቶው በላይ ቀርቶ ወደ ኋላ ያፈነግጣል፤ ባለቤቱ ጎንበስ ባለ ቁጥር ኮቱን ከውስጥ ገፍቶ ይወጥረዋል። ስለዚህ "እንዳይታይብኝ ትንሹን መረጥኩ" የሚለኝን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ያጠረው የቱ እንደሆነ ነው፦ አፈሙዙ ወይስ እጀታው?

አስኮ የጫማና የቆዳ ሰፈር ነው። እዚህ ወስፌ ይዞ ያደገ ሰው ጫማም ቀበቶም ይሰፋል፤ ጥቂቶቻችን ደግሞ አፎት እንሰፋለን። ደንበኞቼ ፈቃድ ያላቸው ናቸው፦ ፖሊሶች፣ የጥበቃ ኃላፊዎች፣ ገንዘብ አጃቢዎች፣ በስማቸው ያስመዘገቡ አዛውንቶች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድን ግዴታ አድርጓል፤ እኔም ወረቀቱን ሳላይ መለኪያዬን አላነሣም። ሽጉጥ ሱቄ ውስጥ አድሮ አያውቅም። የየዓይነቱ የእንጨት ቅርጽ አለኝ፤ ቆዳውን ነክሬ የምጫነው በእሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጓዳችን ልውሰዳችሁ። ስለ ትልቅና ትንሽ ሽጉጥ የሚወራው ብዙው ነገር ስለ ክብደት ነው። "ትልቁ ይከብዳል፣ ወገብ ይቆርጣል" ይባላል። ቁጥሩን ተመልከቱ። ዓለም በደንብ የሚያውቃቸው ጥንዶች ግሎክ 17 እና ግሎክ 19 ናቸው፤ አንደኛው ሙሉው፣ ሁለተኛው ያጠረው። ባዶውን ሙሉው 625 ግራም፣ ያጠረው 600 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ልዩነቱ የሁለት ጥይት ክብደት ነው! በርዝመትም ቢሆን ልዩነቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ትልቁ 17 ጥይት ይይዛል፣ ትንሹ 15። ታዲያ ምን ተቀነሰ? ከእጀታው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል። ኮቱን የሚወጥረው ወይም የማይወጥረው ያ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለውም ሳያውቀው ለእሱ ነው።

"ትልቁ ከበደኝ" ብሎ የሚመጣን ሰው ሽጉጡን ሳላይ ቀበቶውን እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ለጨርቅ ሱሪ የተሠራ ስስ ቀበቶ ነው። ስስ ቀበቶ ይጠመዘዛል፤ ሽጉጡ ወደ ውጭ ይዘነብላል፣ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ በክንዱ ሲያስተካክለው ይውላል። ያ ክንድ ነው ለሚያውቅ ዓይን "ታጥቋል" ብሎ የሚናገረው። ድርብ ቆዳ የሆነ፣ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ዳር ዳሩ የተሰፋ ቀበቶ ሠርቼ ከሰጠሁ በኋላ ያንኑ ትልቅ ሽጉጥ "ቀለለኝ" ብለው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ከሽጉጡ አንድ ግራም አልቀነስኩም።

ሌላው የሙያ ምሥጢር ዝንባሌ ነው። አፎቱ ቀጥ ብሎ ከተሰፋ እጀታው ወደ ኋላ ይወጣል። አፈሙዙን ትንሽ ወደ ኋላ፣ እጀታውን ወደ ፊትና ወደ ላይ፣ 15 ዲግሪ ገደማ አዘንብዬ ከሰፋሁት ግን እጀታው የጎን አጥንትን ተከትሎ ይተኛል። ሙሉ መጠን ያለው ሽጉጥ በተራ ኮት ሥር የሚጠፋው እንዲህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ለመደበቅ ብሎ ትንሹን አይገዛም። እውነቱን ለመናገር፣ ለመደበቅ ተብሎ ከተገዛው ትንሽ ሽጉጥ ብዙው አላስፈላጊ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱም ትንሹ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፣ የሚከፈለውም በእጅ ነው። እጀታው ሲያጥር ትንሿ ጣት ቦታ ታጣለች። በግሎክ 19 አብዛኛው ሰው ይተርፋል፤ ከእሱም ባነሰው በግሎክ 26 ግን ትንሿ ጣት አየር ላይ ትቀራለች። ሽጉጥ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሣል፤ ያንን መልሳ የምትይዘው ከታች ያለችው ጣት ናት። እሷ ከሌለች ሁለተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ይርቃል። ትንንሾቹ ሞላቸውም ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነው፤ አዛውንት ደንበኞቼ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ለመሳብ ሲታገሉ አይቻለሁ፤ ለእነሱ ትልቁ ይቀላቸው ነበር።

ከዚያ ማነጣጠሪያው አለ። በኋላው ክፍተትና በፊተኛው ጉብታ መካከል ያለው ርቀት በግሎክ 17 ላይ 165 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በአጭሩ የሶቪየት ሽጉጥ በማካሮቭ ላይ 130። ዓይናችሁ በአንዲት ሚሊ ሜትር ብትስት፣ 20 ሜትር ላይ ያለው ዒላማ በመጀመሪያው በ12 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ያመልጣችኋል። ማካሮቭ በተፈጥሮው የሚስት ሽጉጥ ሆኖ አይደለም። አፈሙዙ ከገላው ጋር የተያያዘ፣ የማይነቃነቅ ነው፤ ይህም ለትክክለኛነት ይረዳዋል። ጥፋቱ የአጭር ርቀት ማነጣጠሪያ ስህተትን ይቅር አለማለቱ ነው፤ ልምምድ የሌለውን ሰው ያጋልጣል።

ስለ ማካሮቭ ካነሣሁ፣ አብዛኛው ታጣቂ መጠን እንደማይመርጥም ልናገር። ግምጃ ቤቱ ነው የሚመርጥለት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ትንሿን ቤሬታ 1934 ይዞ መጣ፤ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሰባት ጥይት። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት በኋላ አሜሪካዊው ትጥቅ ገባ፤ የአሜሪካኖቹ ኮልት ደግሞ ከኪሎ በላይ የሚመዝን፣ አፈሙዙ 127 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልቅ ሽጉጥ ነው። ደርግ ወደ ሶቪየት ሲዞር ማካሮቭ በብዛት መጣ፤ 16 ሴንቲ ሜትር፣ 730 ግራም፣ ስምንት ጥይት። አገሪቱ ወዳጇን በለወጠች ቁጥር የመኮንኑ ወገብ ላይ ያለው መጠን ተለወጠ። የሽጉጡን ባሕርይ የለካ፣ የሰውየውን መዳፍ የለካ አልነበረም።

ለሰውየውና ለሥራው ስለተስማማ ሽጉጥ ሳስብ ሁልጊዜ ጎረቤታችን ኮልፌ ትዝ ይለኛል። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ ሠልጥነዋል። ያሠለጠኗቸው መቶ አለቃ ወንዶኒ በፍቃዱ ነበሩ፤ የበላይ ኃላፊው በኋላ ጄኔራል የሆኑት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ። ሥልጠናው ስድስት ወር ታስቦ ነበር፤ ድርጅታቸው ቶሎ ተመለስ ብሎ ስለጠራቸው ተቋረጠ። ሲሸኟቸው ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጧቸው።

ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው ላይ ያንን ጥይት መሸከም ትንሽ ልጅ እንደማዘል ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። ካርቱም ሲደርሱ ሽጉጡ ከነአፎቱ በጃኬታቸው ሥር ነበር፣ ጥይቱ ደግሞ በሱሪያቸው ውስጥ ወገባቸው ዙሪያ ተጠቅልሎ፤ እንዲህ ሆነው ሳይፈተሹ አለፉ። ይህን ያነበበ አፎት ሰፊ ወዲያው የሚያሰላው ነገር አለ። ሽጉጡ ብዙዎች እንደሚሉት ማካሮቭ ከነበረ፣ የአንዱ ጥይት ክብደት አሥር ግራም ገደማ ነውና 200ው ሁለት ኪሎ ይሆናል፤ ሽጉጡን ሦስት ጊዜ ሊያጥፈው ምንም አይቀረውም። ሰው የሚደክመው ከጥይቱ ነው እንጂ ከብረቱ አይደለም። ያ ጉዞ ሽጉጥ የግድ መደበቅ ያለበት ጉዞ ነበር፤ በኮልፌ ዒላማ ሲተኩስ የከረመ ሰው ደግሞ አጭሩን መያዝ ይችላል። ማንዴላ አገራቸው ገብተው ሽጉጡን ሪቮኒያ ባለው የሊሊስሊፍ እርሻ ቀበሩት፤ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ፤ በኋላ ብዙ ቢቆፈርም ሽጉጡ አልተገኘም።

ለትንሹ የምፈርደው እንዲህ ላለው ብቻ ነው፦ መደበቅ ሥራው ለሆነ፣ ልምምዱም ለማይቋረጥ። ደንብ ልብስ ለብሶ በግልጽ የሚታጠቅ ሰው ትንሽ ሽጉጥ የሚይዝበት አንዳች ምክንያት አይታየኝም። ሁሉም ያየዋል፤ ታዲያ ጣቱን ለምን ያጎድላል?

መሐል ላይ ያለው የሹፌርና የአጃቢ ጉዳይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከአስኮ መርካቶ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ረጅም አፈሙዝ ወንበሩን ነክቶ ሽጉጡን ወደ ላይ ይገፋበታል፤ እጀታው ጎድን አጥንቱን ይወጋዋል። ለእሱ የሚስማማው እጀታው ሙሉ፣ አፈሙዙ ብቻ ያጠረ ነው። ኮልት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮማንደር የሚባለውን ሲያወጣ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ አፈሙዙን ወደ 108 ሚሊ ሜትር አሳጠረ፣ እጀታውን አልነካም። ለመደበቅ ብሎ የገዛው ሰው ያዝናል፤ ተቀምጦ የሚውለው ግን ይመርቀዋል።

ሰው የማይነግራችሁ አንድ ነገር ይቀራል፤ ላብ። ትንሽ ሽጉጥ ከሰውነት ተጠግቶ፣ ብዙ ጊዜም ሱሪ ውስጥ ስለሚያዝ ከትልቁ ይልቅ ይዝጋል። ለጥገና የሚመለሱልኝ አፎቶች ይመሰክራሉ፦ የትልቁ አፎት አፉ ላይ ይበላል፣ የትንሹ ግን በሆድ በኩል ጠቁሮ ጨው ያወጣል። በክሮም የለፋ ቆዳ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ብረቱን ይበላል። እኔ ለአፎት የምወስደው በዕፅ ቅርፊት የለፋውን ነው፤ በዋጋ ይበልጣል፣ ሲነከር ግን ቅርጽ ይይዛል፣ ብረትንም ያን ያህል አይጎዳም። ያም ሆኖ ሽጉጥን አፎቱ ውስጥ አታሳድሩ። ማታ አውጥታችሁ፣ ወልውላችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቆልፉት።

ልታሠሩ ስትመጡ ፈቃዳችሁን ያዙ። ጥይቱንና ካርታውን መሥሪያ ቤታችሁ ወይም ቤታችሁ ትታችሁ ኑ፤ ዓይነቱን ከነገራችሁኝ ሽጉጡም ባይመጣ ይሻለኛል፣ የእንጨቱ ይበቃል። በሥራ ቀን የምትለብሱትን ኮትና ሱሪ ልበሱ፤ በሰንበት ልብስ የተለካ አፎት ሰኞ አይሆንም። ቀበቶውን አብራችሁ እዘዙ። መዳፋችሁን በወረቀት ላይ እሥለዋለሁ፤ እጀታው ሦስቱንም ጣት ካልያዘ ሌላ መጠን ቢሰጣችሁ ግምጃ ቤቱን ጠይቁ እላለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚያፍር ብዙ ነው፣ ማፈር ግን አያስፈልግም። ሥራው አንድ ሳምንት ይፈጃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ ቆዳው በእንጦጦ ዝናብ ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ሳምንት ቁጠሩ።