ቡችላን ለማቆያ ማዘጋጀት፦ የክትባትና የልምምድ ጊዜ አለመጣጣም

ቤተሰብ ለጉዞ ሲነሣ ቡችላውን በውሾች ማቆያ ማሳደር የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ብዙ ጊዜ በጉዞው ዋዜማ ይጀመራል።

የመዘግየቱ ጉዳት በፓርቮ ቫይረስ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቡችላ ከእናቱ እንገር የሚያገኛቸው ፀረ እንግዳ አካላት ለጊዜው ይጠብቁታል፤ እነዚያው አካላት ግን ክትባቱን ያከሽፋሉ። የሚሟጠጡበት ጊዜ ከቡችላ ቡችላ ስለሚለያይ ክትባቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት እየተደገመ፣ የመጨረሻው በ16ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ ይሰጣል። ስለዚህ በ8ኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የተከተበ ቡችላ የምስክር ወረቀት እንጂ መከላከያ ላይኖረው ይችላል። ቫይረሱም ከውሻው አካል ውጭ ለወራት ስለሚቆይ የማቆያው ወለል ንጹሕ መምሰሉ ዋስትና አይሆንም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ስኮትና ፉለር በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መሠረት ቡችላ ከእንግዳ ሰውና ውሻ ጋር በቀላሉ የሚላመደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ክትባቱ ሳይጠናቀቅ ይህ ወቅት ያልፋል። ስለሆነም ልምምዱ ማቆያውን ሳይጠብቅ፣ ክትባታቸው የተሟላ ጤነኛ ውሾች ባሉበት የወዳጅ ቤት ይጀመራል፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን መተውም እንዲሁ። የማቆያው የአንድ ሌሊት ሙከራ ከመጨረሻው ክትባት ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ የለመደው ምንጣፍና ምግብ አብሮት ሄዶ ይደረጋል።